የተወጋውን መርፌ ስሙን ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ የምኖር፣ አምስት የወተት ላሞች ያሉኝ እናት ነኝ። ስለ ላም ስለ ዶሮ አንዳንዴ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ውሻ ግን ጋዜጣ ላይ የማየው ሰው ሲነክስ ወይ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው። እሱም መጻፍ አለበት። ግን ውሻው ራሱ ሲታመምስ? እኛ ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች ያለ ውሻ አንድ ሌሊት አናድርም፣ ጅቡ አጥር ድረስ ይመጣል፣ ጥጃ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ሌባም አለ። ስለዚ ይቺን ደብዳቤ አውጡልኝ፣ የእንስሳት መድኃኒት ለሚሸጡና መርፌ ለሚወጉ ሁሉ ትድረስልኝ።

ውሻዬ መቻል ይባላል። እናቱ የሰፈር ውሻ ናት፣ አባቱ ጀርመን ነው ይላሉ። ሁለት ዓመት እስኪሞላው አንድ ቀን ታሞ አያውቅም ነበር። ከዛ አንድ ጥቅምት ላይ፣ ሳሩ ታጭዶ ድርቆሽ በሚከመርበት ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የቆርቆሮው በር ቧ ቧ ቧ ይላል። ሌባ መስሎኝ ልጄን ቀስቅሼ ባትሪ ይዘን ወጣን። ማንም የለም። መቻል በሩ ስር ጋደም ብሎ በኋላ እግሩ ብብቱን ያካል፣ ባከከ ቁጥር እግሩ ቆርቆሮውን ይመታል። ባትሪውን ፊቱ ላይ ሳበራበት እንኳን አላቆመም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማከኩን ቀጠለ። በነጋታው በብርሃን ሳየው የፊት እግሮቹ ጣቶች መሀል ያለው ነጭ ፀጉር ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ መስሎ ቡኒ ሆኗል፣ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ሲልሰው ነው የሚያድረው፣ ምራቅ ነጭ ፀጉር ያቀላል። ብብቱና ሆዱ ስር ቀይ ነው፣ ጆሮው ውስጥ ይሞቃል፣ ይሸታልም።

እንግዲህ የሰፈር ምክር ታውቃላችሁ። አንዱ ጎረቤቴ እከክ ነው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው አሉኝ፣ ሌላዋ ለሰው እከክ የሚታዘዘውን ሎሽን አለችኝ፣ ዘይቱን አልቀባሁትም፣ ሎሽኑንም አላገኘሁትም። ያደረግኩት ግን ከሁለቱም የባሰ ነው። ላሞቹን ለመዥገር የምንረጭበት ዲያዚኖን ቤት ነበረ፣ በውሀ በጥብጬ አጠብኩት፣ መጠኑን በዓይኔ ነው የገመትኩት። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ የኋላ እግሩ ተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ ነጥብ አከለ። ልጄ በሳሙና ደጋግሞ አጠበው፣ ላሞቼን የሚያክምልኝ ልጅ በሞተር ደርሶ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ወጋው። ከወጋው በኋላ የላሞቹን ደብተር አምጪ ብሎ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና ስንት ሚሊ እንደሰጠው ጻፈበት። የዛን ቀን ከልቅሶዬ ብዛት ልብ አላልኩትም፣ አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ነው ያደረገልኝ። ዲያዚኖን መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል፣ ውሻው ደሞ ፀጉሩን ሲልስ ይውጠዋል። እባካችሁ በግምት ማንም ውሻ ላይ እንዳያፈስ።

ከዛ በኋላ ፈርቼ ወደ ከተማ ወሰድኩት፣ አንድ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ቤት፣ የቤቱን ስም አልጠራም፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እዛ ያለው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ አየውና አለርጂ ነው አለኝ፣ አንድ መርፌ ጭኑ ላይ ወጋው፣ ከፈልኩና ሄድኩ። እውነት ለመናገር በነጋታው ተአምር ነው የመሰለኝ። ማታ ቆርቆሮው ዝም አለ። መቻል እንደ ድሮው ጥጃዎቹ አጠገብ ተኝቶ አደረ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ቆየና ግን ተመለሰ። ተመልሼ ሄድኩ፣ ተወጋ፣ ደህና ሆነ፣ ተመለሰ። በዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ አስወግቼዋለሁ፣ ምናልባትም ሰባት፣ አልጻፍኩትማ።

በዚህ መሀል ውሻው መለወጥ ጀመረ። የላሞቹን ገንዳ ደርቆ እስኪያይ ይጠጣል፣ ሌሊት ሽንቱን መቋቋም አቅቶት ተኝቶበት ይነሳል፣ ይበላል ይበላል አይጠግብም፣ ብርድ ባለበት በእኛ ሱሉልታ በጠዋቱ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ሆዱ ወርዶ ተንጠለጠለ፣ ጭኑ ግን ሟሸሸ፣ የሆዱ ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ስሩ ይታያል። እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር፣ የሦስት ዓመት ውሻ!

በጥር አንዲት የእንስሳት ሐኪም ጋ በሰው በሰው ደረስኩ። ወጣት ናት፣ እንደ ልጄ ናት፣ ግን ዶክተር ነው የምላት። ገና ሳትነካው ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር፣ ሲጀምረው ስንት ዓመቱ ነበር፣ በየትኛው ወር ነው የሚብስበት፣ የት ነው የሚተኛው፣ ምን ይበላል፣ ቤት ውስጥ የሚያሳክከው ሰው አለ ወይ። የመጨረሻው ገረመኝ። የውሻ እከክ የምታመጣው ተባይ ሰው ላይም ትወጣለች አለችኝ። ከዛ የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት እያረገች የኋላ እግሩን ታያለች፣ እከክ ቢሆን ኖሮ እግሩ ለማከክ ይነሳ ነበር፣ በተለይ የጆሮ ጠርዝና ክርን ላይ ነው የሚወጣው አለች። እንዲህም ብላ አልበቃትም፣ ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አርጋ በማይክሮስኮፕ አየችው። ቀጥላ ወገቡን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጠረችና የወረደውን ጥቁር ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ አራገፈችው። ብናኙ ቀስ እያለ በሶፍቱ ላይ ቀላ፣ ዙሪያው ደም ሆነ። የቁንጫ ኩስ ነው፣ የጠጣችው የሱን ደም ነው አለችኝ። እኔ በዓይኔ አንድ ቁንጫ አይቼበት አላውቅም ነበር።

ኪሎውን ለማወቅ ደሞ ሚዛን አልነበራትም። በር ላይ ሰው የሚመዝን ልጅ ነበር፣ ልጄ መቻልን አቅፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ 92 አለ፣ ብቻውን ወጣ፣ 62። ስለዚ ውሻው 30 ኪሎ ነው። የመድኃኒት መጠን በኪሎ ነው የሚሰላው፣ ያ ሁሉ መርፌ ሲወጋ ኪሎውን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዛ መጣች ጥያቄዋ። «ሲወጋ የነበረው ምንድነው?» አለችኝ። አላውቅም። ካርድ አለሽ? የለኝም። ብልቃጡን አይተሻል? አላየሁም። ስልክ ደወልኩ፣ ሰውየውም የቱን እንደወጋው አላስታወሰም፣ የአለርጂ መርፌ ነው አለ። ዶክተሯ ከምልክቱ ተነስታ ስቴሮይድ ነው፣ ማሳከክንና መቅላትን ቶሎ የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት ነው አለች፣ ግን የትኛው? ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ ብቻውን ሁለት ሦስት ሳምንት አይቆይም፣ ምናልባት ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣው ዓይነት ነው አለችኝ፣ ምናልባት። በምናልባት ነው እንግዲህ ሕክምናው የተጀመረው።

ስሙ ለምን እንደሚያስፈልግ እሷ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። ስቴሮይድ ሲደጋገም ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ የራሷን ማምረት ትተዋለች፣ ስለዚ በአንዴ ቢቋረጥ ውሻው ሊወድቅ ይችላል፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፣ ከስንት ተነስቶ እንደሚቀነስ ለማወቅ ደሞ የተሰጠው መታወቅ አለበት። ስቴሮይድ ሰውነቱ ውስጥ እያለ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ቢደረብበት ጨጓራው ሊቆስል ሊደማ ይችላል። ኢንፌክሽን ካለበት ማሳከኩን ሸፍኖ ኢንፌክሽኑን ያብሰዋል። የቆዳ አለርጂ ምርመራም ለማድረግ ቢፈለግ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። ይሄ ሁሉ በአንዲት ወረቀት ላይ በተጻፈች አንዲት ቃል ይፈታ ነበር።

ደሞ አንድ ነገር ልቤን ይበላኛል። እኛ የላም ሰዎች ዴክሳን፣ ዴክሳሜታሶኑን ማለቴ ነው፣ እናውቀዋለን፣ ላም ሊወጋ የመጣ ሐኪም መጀመሪያ እርጉዝ ናት ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ መውለጃዋ የተቃረበች ላም ላይ ያለጊዜዋ ያስወልዳታልና። ለላም ይህን ያህል የምንጠነቀቅለትን መድኃኒት ለውሻ ሲሆን ሳንጠይቅ እናስወጋለን፣ ሳይጠይቁን ይወጋሉ።

ዶክተሯ ስቴሮይድን አልረገመችም፣ እኔም አልረግመውም። እንደውም መቻልን የጀመረችለት በሱ ነው፣ ግን በኪኒን። ፕሬድኒሶሎን ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፣ በጣም ለሚያሳክከው ውሻ ቶሎ ይደርሳል። በኪሎ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም በቀን ይሰጥና ሲረጋጋ ወደ አንድ ቀን ሰጥቶ አንድ ቀን መዝለል ይወርዳል፣ በመጨረሻም የሚበቃው ትንሹ መጠን ላይ ይደረሳል። ኪኒን ችግር ቢያመጣ ይቀነሳል፣ ያ ለሳምንታት የሚቆየው መርፌ ግን አንዴ ከገባ መልሰሽ አታወጪውም አለችኝ። መቻል ላይ በጣም ቀስ ብላ ነው የቀነሰችው፣ ወራት ፈጅቷል።

ከሱ ጎን ለጎን የቆዳውን ኢንፌክሽን አከመች፣ ከቆዳው በቴፕ ያነሳችውን በማይክሮስኮፕ ስታየው ባክቴሪያም እርሾ የሚመስል ፈንገስም ነበረበት፣ የጆሮው ሽታም ከዚሁ ነው። ሴፋሌክሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሦስት ሳምንት፣ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ባለው ሻምፖ ደሞ በሳምንት ሁለቴ ማጠብ። ሻምፖው አስር ደቂቃ ላዩ ላይ መቆየት አለበት፣ ወዲያው ካለቀለቁት ገንዘብ ማፍሰስ ነው፣ እኛ ልጄ ዳዊት ሲደግም እያጠብነው ነው ደቂቃውን የምንጠብቀው። ለቁንጫ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችው፣ ፍሉራላነር የሚባል፣ አንዱ 12 ሳምንት ይይዛል። ግን የቁንጫ እንቁላልና ትሉ በብዛት ያለው ውሻው ላይ ሳይሆን መኝታው ላይ ነው አለችና የሚተኛበትን ድርቆሽ አስወጥታ አስቃጠለችኝ። ድርቆሽ አቧራ አለው ሻጋታ አለው፣ አለርጂ ላለበት ውሻ ፍራሽ አይሆንም፣ አሁን በየሳምንቱ የሚታጠብ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ይተኛል።

የምግቡን ነገር ሳልነግራችሁ። ከምግብ የሚመጣ አለርጂም እንዲሁ ያሳክካል፣ ይሄንን ለመለየት ውሻው ድሮ በልቶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ ቢያንስ ስምንት ሳምንት መብላት አለበት፣ ሌላ ነገር ጠብ ሳይልበት። እኔ ታዲያ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሉካንዳ ይዘጋል፣ ሥጋ አልቀመሰም፣ ማሳከኩ ግን አልቀነሰም ስላት ደስ ብሏት ስትሰማኝ ቆየችና «ወተትስ?» አለችኝ። ወተትማ የኛው ቤት ነው፣ እኛ ስንጾም የተረፈው ለሱ ነው፣ በጾም እንደውም ይበዛለታል። ውሾች ላይ አለርጂ ከሚያመጡ ምግቦች ውስጥ የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ዶሮና ስንዴ ቀደም ብለው ይጠራሉ። ስለዚ ጾሙ አልተቆጠረልንም። እንደገና ዓሣና ድንች ብቻ ስምንት ሳምንት ሰጠነው፣ ልጆቹን ዳቦ እንዳይወረውሩለት መጠበቅ ነበር ከባዱ። ለውጥ የለም። እንግዲህ እከክ አይደለም፣ ቁንጫው ጠፍቶም ያካል፣ ምግብም አይደለም፣ ከአየሩ ከሳሩ ከአቧራው ነው፣ አቶፒክ ደርማታይተስ ይባላል። አይድንም፣ ግን ይያዛል። ውሻው ሦስት ዓመት ሳይሞላው መጀመሩ፣ የፊት እግርና የጆሮ ውስጥ መቅላቱ የሱ ጠባይ ነው። ይሄን ስም ለማግኘት ወራት የፈጀብን ብዙውን ከዜሮ ስለጀመርን ነው።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ባጭሩ። ፋርማሲ ሄዶ ሴትሪዚን የሚባለውን የሰው የአለርጂ ኪኒን መግዛት ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ለውሻ ማሳከክ የሚያግዘው ጥቂቱን ነው፣ ለጉንፋን ተብሎ ሱዶኤፌድሪን የተቀላቀለበትን ዓይነት ከሰጡት ደሞ ውሻ ይመርዛል፣ ይጠንቀቁ። ሳይክሎስፖሪን አለ፣ ኩላሊት ለተተከለለት ሰው የሚሰጠው፣ ለውሻም ይሆናል፣ ግን ውጤቱ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ውድም ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የተባይና የትል መድኃኒት ላም ላይ ስለምንጠቀምበት ውሻ ላይም የሚወጉ አሉ፣ እንደ ኮሊ ያሉ ዘሮች ግን በተፈጥሯቸው አይችሉትም፣ አንጎላቸው ውስጥ ይገባል፣ ድቅል ውሻ ደሞ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል።

አሁን መቻልን የያዘልኝ ኦክላሲቲኒብ ነው፣ የንግድ ስሙ አፖክዌል። አሜሪካ ውስጥ በ2013 ነው የተፈቀደው። ማሳከክን ለነርቭ የሚያደርሱ መልእክቶች አሉ፣ እነሱ ሴሉ ውስጥ የሚያልፉበትን መንገድ ይዘጋል፣ ስቴሮይድ አይደለም፣ በቀኑ ውስጥ ነው ለውጡ የሚታየው። ለ30 ኪሎ ውሻ ባለ 16 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ ነው፣ ቢበዛ ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከዛ በቀን አንዴ። ከ12 ወር በታች ላለ ውሻ አይሰጥም፣ ከባድ ኢንፌክሽን ላለበትም አይሰጥም፣ የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀንስ ውሻው በየጊዜው መታየት፣ ደሙም መመርመር አለበት፣ የድሮ እብጠት ወይም ካንሰር ያለበት ከሆነ ለሐኪሙ መናገር ግድ ነው። ሌላም ሎኪቬትማብ የሚባል መርፌ አለ፣ ኢንተርሉኪን 31 የሚባለውን የማሳከክ መልእክተኛ ለብቻው እየያዘ የሚያስቀር፣ በወር አንዴ ገደማ ነው የሚወጋው። እሱ ግን ከፋብሪካ እስከ ውሻው ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቆየት አለበት፣ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ወተቱን እንኳን የምናድነው በጭንቅ ነው፣ ስለዚ አልሞከርነውም።

ኪኒኑን የእህቴ ልጅ ናት ከውጪ በሻንጣ የምታመጣልኝ፣ በሐኪም ማዘዣ ተገዝቶ። ሻንጣ ግን ፋርማሲ አይደለም፣ እሷ ያልመጣች ጊዜ ያልቃል፣ ባለፈው አስራ አንድ ቀን አልቆብን ቆርቆሮው እንደገና ቧ ቧ አለ። መድኃኒት የምታስመጡ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ ተመዝግቦ እንዲገባ ብታስቡበት እኔ ብቻ አይደለሁም የምገዛው፣ ለገጣፎም ቡራዩም ሰንዳፋም ውሻ የሌለው ግቢ የለም። እስከዛው ፕሬድኒሶሎኑም በትክክል ከተሰጠ ብዙ ውሻ ያሳርፋል።

ዋናው ልመናዬ ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነው። ለምትወጉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስትወጉ ስሙን ጻፉልን። የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊ፣ ቀኑ፣ የውሻው ኪሎ፣ በቃ። ወረቀት ከሌለ በእጃችን ላይ ጻፉልን፣ ቤት ሄደን እንገለብጠዋለን። ባለ ውሾችም ሳይጻፍልን ከበሩ አንውጣ፣ ነውር አይደለም፣ ሐኪም መናቅም አይደለም። ብልቃጡን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል።

እኔ ላሞቹ የተዳቀሉበት ቀንና የወተቱ ሊትር የሚጻፍበት ደብተር አለኝ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ለመቻል ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ያ በሞተር የመጣው ልጅ የጻፈው አትሮፒን ነው። ከሱ ቀጥሎ ለስድስቱ መርፌ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቻለሁ፣ ሰውየው የወጋውን ካስታወሰ ይንገረኝ፣ አልቀየመውም፣ ለዶክተሯ አሁንም ያስፈልጋታል።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ